የእኔ ቮልስ፣ የወንድሜ ሊብሬ

«እሷ እኮ ነገር አትረሳም» ይሉኛል፣ እስከ ዛሬ። አዎ፣ አልረሳም! ምን ተመለሰልኝና ነው የምረሳው? አንድ ቮልስ ነበረችኝ። ተማሪ ሆኜ፣ የሰው ልጅ አስጠንቼ፣ ዕቁብ ጥዬ የገዛኋት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ። የኔ ነበረች። «የሷ ነበረች» የምትለዋን ቃል ከገዛ ወንድሜ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ የማውቀው እኔ ነኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ግቢውን ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር የምንጋራው የቀበሌ ቤት። ኮሌጄ ደግሞ ኮተቤ ነበር። ያኔ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሲያዝ ያላየ ሰው ንዴቴ አይገባውም። ታክሲው አይቆምም፤ ቀስ ይላል እንጂ። አንቺ ጎን ለጎን ትሮጫለሽ፣ ወያላው ደስ ያለውን ሰው እየጎተተ ያስገባል፣ ክርኑን አሹሎ የመጣ ጎረምሳ ጎንሽን ደልቆ ይገባል፣ አንቺ ቦርሳሽን ታቅፈሽ አስፋልት ላይ ትቀሪያለሽ።

የቀናኝ ቀን ሹፌሩ «ነይ ቆንጆ፣ ጋቢና ግቢ» ይለኛል። ጋቢና ስገባ ደግሞ ማርሽ የሚቀይረው እጁ ጉልበቴን ያገኛል። የመጀመሪያ ቀን፣ ማለቴ፣ ሳያውቅ ነው ብዬ አለፍኩት። በሌላ ቀን እጁን አንስቼ «ካምቢዮው እዚህ ጋ ነው» ብዬ አስያዝኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። በሱ እንዳይመስላችሁ፤ በኔ ነው የሳቁት። «ቀላል አራዳ ናት እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። መገናኛ ወረድኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ግፊያ፣ በዚያ ላይ ዝናብ። ኮሌጅ ስደርስ መምህሩ በሩን ዘግቶታል። ሰዓት ካለፈ ለማንም የማይከፍት ሰው ነበር፤ ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ በመስኮት አየኝና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። መኪና እገዛለሁ ያልኩት እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አዛውንት ነበሩ። ቤታቸው ከኛ ራቅ ይላል፣ ግን በአንድ ዕድር ነን። ግቢያቸው ውስጥ ሸራ የለበሰች ቮልስ አለች። ዓይናቸው ደከም ሲልባቸው ነው መንዳት ያቆሙት። ለደላላ በራቸውን አይከፍቱም ማለት ይቻላል፤ የሚመጣው ሁሉ እንደ ቅርጫ በሬ በታትኖ ሞተሯን ለአንዱ፣ በሯን ለሌላው ሊሸጣት ነበር የሚመጣው። እሳቸውም እየሰደቡ ያባርራሉ። እኔ ስሄድ ሸራውን ገልጠው አሳዩኝና ፊቴን ፊቴን ያዩኝ ጀመር።

«አንቺስ ምን ልታደርጊያት ነው?» አሉኝ።

«ኮሌጅ ልሄድባት ነው፣ ጋሼ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ያንቺ ናት» አሉኝ። ደላላ አልገባበትም፣ ክርክር አልነበረበትም። ከተማሪ የማይወጣውን ሳይጠይቁኝ፣ ዕቁቤ የደረሰበትን ተቀብለው ሰጡኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ጠዋት ካስነሳኋት በኋላ ወዲያው እንዳላጣድፋት፣ እሷም እንደ ሰው ነቃ ማለት እንደምትፈልግ።

ቤት ስናገር አባቴ ሳቀ። «ቮልስ? ከየት አገር ብረት ለቅመሽ መጣሽ?» እናቴ «ሰው ምን ይለናል፣ ገና ተማሪ» አለች። ወንድሜ ግን፣ ታላቄ ነው፣ ወንድም ጋሼ ነው የምለው፣ ጎሽ አለኝ። እሱ ብቻ ነው ጎሽ ያለኝ! አቅፎ ሳመኝ። ይቺ አቅፎ መሳሙ ናት ዛሬም ቆሽቴን የምታሳርረው።

ስም ማዞር ሲመጣ አባቴ «ሴት ልጅ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳ ከደላላ ጋር ስትጋፋ አልወድም፤ ወንድምሽ ይጨርሰው» አለ። እኔ ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። አባቴ ድምፁን አነሳ። «ነገ አግብተሽ የሰው ቤት ልትገቢ ነው፤ የቤት ንብረት በወንድ ልጅ ስም ይቀመጣል።» እናቴ ደግሞ በዚያ በኩል መጣች። «በሱ ሆነ ባንቺ ምን ለውጥ አለው? ከአንድ ማህፀን ወጥታችሁ! ባዳ ነው እንዴ?» የኛ አገር ሰው አንድ ነገር ሊወስድብሽ ሲል መጀመሪያ «ባዳ ነው እንዴ?» ይልሻል። በኛ ሰፈር ስንት ሴት ልጅ ሠርታ የገዛችው ቤት፣ ሱቅ፣ መሬት በወንድሟ ስም ተቀምጧል መሰላችሁ! ማንም እንደ ስርቆት አይቆጥረውም። ቤተሰብ ነዋ!

ወንድሜ ከአዛውንቱ ጋር ሄዶ ፊርማውን ጨርሶ መጣ። ሊብሬው በሱ ስም፣ ቁልፉ በኔ እጅ። «ያንቺው ናት፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝና ሊብሬውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ግን አልክድም። ንዴቴም ከዚያ ደስታ ነው የሚነሳው። ግቢያችን መኪና ስለማያስገባ አስፋልቱ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆማት ነበር፤ ባትሪዋ የደከመ ቀን ፍሬኑን ለቅቄ፣ ትንሽ ተንሸራትታ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ትነሳለች። ድምፅዋን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያዋ ላይ ይንቧቧል፣ እኔ ውስጥ ደረቅ ነኝ፤ ከታክሲ ጎን ለጎን የሚሮጡትን እያየሁ አንድ ሁለት ልጆች ጭኜ እሄዳለሁ። መምህሩ በሩን ሳይዘጋ ገብቼ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብሎ ያየኝና ሰዓቱን ያይ ነበር፤ እኔም ደግሞ አውቄ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

መንገድ ላይማ ጉድ ነው። መኪና ሳቆም ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የሆቴሉ ዘበኛ፣ በሕይወቱ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ ይሰበሰባል። «ስበሪ! ስበሪ! መልሺ! ኧረ ስበሪው!» ወንድ ሲያቆም ግን ማንም ቀና አይልም። አንዱ መብራት ላይ መስታወቱን አውርዶ «እናት፣ ሞተሩን ሰርቀውሻል፣ ከፊት ባዶ ነው» ብሎኝ ከጓደኞቹ ጋር ተንከተከተ። የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደሆነ የማላውቅ መስሎት! «ያንተን አእምሮ ነው የሰረቁት» አልኩት። አረንጓዴ በርቶ ስለነበረ መልሱን አልሰማሁም፣ ደግ ሆነ።

ቤተሰቡም ለመዳት። እናቴ ለበዓል ከቄራ ሥጋ ስታስመጣ ከፊት ባለው ዕቃ መጫኛዋ ጭኜ የማመጣው እኔ፣ አባቴን ጡረታ ቢሮ የማደርሰው እኔ፣ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት የሚጠሩት እኔን። አልጠላም ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቤንዚን ሲያልቅ «መኪናሽ» ናት። ጎማ ሲተነፍስ «መኪናሽ» ናት። ቦሎ ሲደርስ «መኪናሽን አስመርምሪ» ነው። ሁሌም የኔ ነበረች፤ ወጪ በመጣ ቁጥር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የማስተማር ልምምድ ነበረኝ። የተመደበልኝ መምህር መጥቶ ሳስተምር የሚያየኝ ቀን፣ ለማስተማሪያ የሣልኳቸውን ሥዕሎች ጠቅልዬ፣ ጫማዬን ጠርጌ በጠዋት ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ የለችም። የምትቆምበት ቦታ ላይ ያንጠባጠበችው ዘይት ብቻ ጥቁር ብሎ አለ። ተሰረቅሁ ብዬ እየጮህኩ ግቢ ተመለስኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ወንድምሽ ወስዷት ነው» አለች። «የት?» ስላት ከተፋዋን አፈጠነች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ምክንያቱም እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አታለቅስም፣ ያን ቀን ግን ታለቅስ ነበር።

ሥዕሎቼን ታቅፌ ታክሲ ተጋፋሁ። ግማሹ ተቀዶ ነው የደረስኩት።

ማታ አባቴ ነገረኝ። ወንድሜ ከጓደኛው ጋር ሚኒባስ በሽርክና ሊገዛ ነው፤ የጎደለችውን ለመሙላት ቮልሷን ሸጣት። «ለቤቱ ነው፣ ገቢ ይሆናል» አለኝ። ሰማችሁኝ? ታክሲ! ከታክሲ ያመለጥኩባትን መኪና ሸጦ ታክሲ ገዛ! ወይ ጉድ፣ በዓለም ላይ ስንት ሥራ እያለ!

ወንድሜ ሲገባ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናዬን ሸጥካት?»

«በስሜ አይደለች እንዴ?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጫማውን እያየ። ደግሞ ጨመረበት። «ሲሳካልኝ ከሷ የተሻለች እገዛልሻለሁ።»

«የተሻለች ማን ጠየቀህ? ማነው የጠየቀህ?» ግቢው በሙሉ ወጣ። ጮህኩ፣ አዎ ጮህኩ፤ ዛሬም ቢሆን እጮሃለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሱ ጋር ገበታ አልቀረብኩም። ሰላም አላልኩትም። እሱ ሲገባ እወጣለሁ። ጾሙ በሙሉ እንዲህ አለቀ። አባቴ «ይቺ ልጅ ጥጋበኛ ሆናለች» ይላል፣ እናቴ በመሃል ትንቆራጠጣለች። ፋሲካ ሲቃረብ ወንድሜ ሽማግሌ ላከብኝ። ከሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለምኖር ለኔ፣ ሽማግሌ!

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። የዕድሩ ሰብሳቢ አሉ፤ ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ አሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ እኔ ክው ነው ያልኩት፣ ቮልሷን የሸጡልኝ አዛውንት ናቸው። ወንድሜ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። እናቴ «ኧረ ቁጭ በሉ» ብትላቸው ሰብሳቢው «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ። ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ከቆመ አንቺ ነሽ ያቆምሽው። ምን ተበደልሽ የሚል የለም። ነጭ ለብሰው ቆመው እስኪቀመጡ ድረስ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ።

«ምን ብዬ ነው እሺ የምለው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ይቅር በይው። ወንድምሽ ነው። ጾም ሊፈታ ነው፣ በኩርፊያ ገበታ አይቀረብም።»

ሐጂም «እርቅን የመሰለ ነገር የለም ልጄ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም።

«ምን እንዳደረገኝ ነግሯችኋል?»

«በዕቃ ተጋጩ ነው የሰማነው» አሉ ሰብሳቢው። «ዕቃ ይተካል።»

ይሄኔ አዛውንቱ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «የምን ዕቃ?» አሉ።

«ቮልሷን ነው፣ ጋሼ። ሸጧታል።»

«የትኛዋን ቮልስ?» አሉኝ። በሰፈራችን ሌላ ቮልስ ያለ ይመስል!

«እርስዎ የሸጡልኝን።»

ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ለኔ ጋራዥ ገባች ነው ያልከኝ» አሉት። 

እኔም እንግዲህ ተናገርኩ። ድምፄን አላነሳሁም። «ይቅር እላለሁ፣ አሁኑኑ። መኪናዋን መልስ አላልኩም፣ ገንዘብ አምጣ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ እናንተ ፊት ይበልልኝ። የሷ ነበረች፣ ሳልጠይቃት ሸጥኳት ይበል። በቃ።»

ወንድሜ መሬት ላይ ተንበረከከ። እግሬን ሊስም መጣ። «እግሬን ተወው፣ ተናገር» አልኩት። «አስቀይሜሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፤ ዕንባውም መጣ። «የማን ነበረች?» አልኩት። «እህቴ፣ በናትሽ» አለ። «የማን ነበረች?» አልኩት ደግሜ። እንደዚያ ተንበርክኮ፣ ዕንባው ሳይደርቅ፣ «ሊብሬው እንግዲህ...» ብሎ ጀመረ።

«በቃ!» ብሎ አባቴ ተነሳ። «ወንድምሽን ሽማግሌ ፊት አንበርክከሽ አሁንስ ምን ቀረሽ?»

አዛውንቱ አባቴን አላዩትም። ወንድሜን ነው የሚያዩት። «ስም ስናዞር ጠይቄሃለሁ» አሉት። «እሷ ከኔ ስትገዛ ለምን በአንተ ስም ስልህ፣ ለወረቀት ነው እንጂ መኪናዋስ የሷ ናት ብለኸኛል። እዚህ ድገመው።»

ጎረቤት የሚወቅጡት ሙቀጫ እንኳ ይሰማል። ወንድሜ ምንጣፉን ያያል። አፉን ሁለቴ ከፈት አድርጎ ዘጋው። አዛውንቱ ጠበቁት፣ ጠበቁት፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉና «እንግዲህ እኔ የማስታርቀው የለኝም» ብለው ወጡ። ሳይቀመጡ።

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጨርስ ትቶ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያለፈው አልፏል» አሉ። አባቴ ወደኔ ዞሮ «ሽማግሌ ከቤቴ አስወጣሽ!» አለኝ። እኔ! እኔ አስወጣሁ! ዛሬም ዘመድ ሲሰበሰብ የሚነሳው ይሄው ነው፤ መኪናዋ አትነሳም፣ እኔ ሽማግሌ ማስወጣቴ ነው የሚወራው።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ስትጀምር አልቻልኩም። ሄጄ ወንድሜን ጉንጩን ሳምኩት። ለሷ ስል። እልል አሉ፣ ተመረቅን፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ ይቅር ማለቴን የጠየቀኝም የለም። የፈለጉት መሳሙን ነበር።

አዛውንቱ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንስተው «እንዴት አደርሽ፣ ባለ ቮልሷ» ይሉኝ ነበር። መኪናዋ የለችም እኮ! ግን እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያ ነው የጠሩኝ። ከቤቴ ያላገኘሁትን ከመንገድ እያገኘሁ ወደ ታክሲ ግፊያዬ እሄዳለሁ።

ኮሌጁን ጨረስኩ። አስተማሪ ሆንኩ። ወንድሜ ተሳካለት፤ ሚኒባሱ ሌላ ወለደ፣ አግብቶ ቤት ሠራ፣ ያማረ መኪና ያዘ። «ከሷ የተሻለች» ያላትን ማለቴ ነው፤ ለራሱ ገዛት። እኛም ተኳርፈን አልቀረንም። ልቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ የእናቴ ሕመም አለ፤ ቤተሰብ አይደለን። እንነጋገራለን፣ እንበላለን፣ እንስቃለን። እኔ ግን በሳቁ መሃል እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ጠራ አድርጎ፣ «ያን ጊዜ እኮ፣ እህቴ» ብሎ ይጀምራል ብዬ። ምን እንደምመልስለትም አዘጋጅቼ ነበር። ሞኝ!

አንድ እሑድ ከላንቻ ልቅሶ ደርሰን እየተመለስን ነው። እሱ ይነዳል፣ ሚስቱ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ። ሚስቱ ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣች ናት፤ የቮልሷን ነገር አታውቅም። ጎተራ ስንደርስ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። አጠገባችን አንዲት ቮልስ መጥታ ቆመች፤ አዲስ ቀለም የተቀባች፣ ስፖኪዮዋ የሚያብለጨልጭ። የኔ አልነበረችም። ሚስቱ «ውይ ስታምር! ዛሬ ዛሬ ሀብታም ነው ይቺን የሚይዛት» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። በመስታወት አየኝና «እሷም እኮ እንዲህች ዓይነት ነበረቻት» አላት። «ውሃ ሰማያዊ።»

«የሷ? የራሷ?»

«አዎ፣ የራሷ ነበረች! ተማሪ ሆና፣ በራሷ ገንዘብ ገዝታ። ማንን ታስነካለች መሰለሽ!» አለና መሪውን መታ መታ አድርጎ ተንከተከተ።

እንዲህ ቀላል ነበረች! ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ያላወጣትን፣ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችባትን፣ እኔ በየበዓሉ የጠበቅኋትን ቃል፣ መኪና እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሚስቱን ሊያጫውትባት አወጣት። ሳይጨንቀው። ሳያልበው። ምንም በማታስከፍለው ቀን። 

«አቁም» አልኩት።

«ቆመናል እኮ» አለ እየሳቀ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ሚስቱ «ኧረ መሃል መንገድ ነው! ምን ሆነሽ ነው?» እያለች ነው። በመኪኖቹ መሃል እየተጋፋሁ ስሻገር ከኋላዬ ጥሩምባ ይጮሃል፣ አንዱ ሹፌር ይሰድበኛል። ዳር ደርሼ ዞር ስል የወንድሜ መስታወት ወርዷል። ሚስቱን እያየ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «እኔ ምን አልኳት?» ሲላት ሰማሁት።